ሄንሪን ለከንቲባዋ ያመጣላት ማነው? (ዋንስ አፖን ኤ ታይም፣ ሲዝን 1፤ ከክፍል 15 በላይ የተናገረ ወዮለት!)

የከዚራ_ጥላ — እሁድ፣ ማታ 3፡40

ሰላም የድሬ ልጆች። የሐረር ልጆችም፣ እናንተ ትቀራላችሁ እንዴ።

እኔና ሁለት እህቶቼ ይሄን ድራማ የጀመርነው ባለፈው ሳምንት ነው። አውቃለሁ፣ አትሳቁ። በፈረንጅ 2011 ጀምሮ በ2018 ያለቀ ነገር ነው። 7 ሲዝን፣ 155 ክፍል። ሰው ሁሉ አልቅሶ፣ እርሙን አውጥቶ ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ እኛ ገና ነጠላችንን አዘቅዝቀን ለቅሶ እየደረስን ነው።

ቤት ውስጥ ሙቀቱ አያስቀምጥም። ላፕቶፑን ግቢ አውጥተን በርጩማ ላይ አድርገን ነው የምናየው። እናታችን ምስር እየለቀመች አጠገባችን ትቀመጣለች። "እኔ የናንተን ፊልም አላይም" ትላለች። ትናንት ግን ክፍሉ አልቆ ልንዘጋው ስንል "ቆይ እስቲ፣ ያቺ ከንቲባ ልጁን ምን አለችው?" ብላ ጮኸችብን። የምስሩ ጠጠር ዛሬ ምሳ ላይ ጥርሴ ስር ገባ።

ለማታውቁት ባጭሩ። ክፉዋ ንግሥት የተረቱን አገር ሰው በሙሉ ትረግምና ወደኛ ዓለም ትጥለዋለች። አሜሪካ፣ ሜይን ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ ከተማ። ማን እንደነበሩ አያስታውሱም። ስኖው ዋይት አስተማሪ ናት። ልዑሏ ሆስፒታል ራሱን ስቶ ተኝቷል። ንግሥቲቱ ሬጂና ደግሞ ከንቲባ! የከተማው ሰዓት 8፡15 ላይ ቆሟል። 28 ዓመት ሙሉ ማንም አያረጅም። ከዛ የሬጂና የጉዲፈቻ ልጅ ሄንሪ፣ ገና 10 ዓመቱ ነው፣ ብቻውን ቦስተን ድረስ ሄዶ የወለደችውን እናቱን ኤማን በ28ኛ ልደቷ ማታ በሯን ያንኳኳል። ኤማ የስኖው ዋይት ልጅ ናት። እሷም አታውቅም።

አሁን ወደ ነገሬ። ሰው ሁሉ "ሬጂና፣ ሬጂና" ይላል። እኔ ዓይኔን የጣልኩት ጎልድ ላይ ነው። ያ ከዘራ የያዘው፣ ዕቃ በመያዣ እያስቀረ የሚያበድረው ሰውዬ።

ክፍል 1 ላይ፣ ገና በተረቱ አገር ታስሮ እያለ፣ ስኖው ዋይትና ልዑሉ ምክር ፍለጋ ይመጡበታል። ምን ጠየቃቸው? የሚወለደውን ልጅ ስም። ወርቅ አልጠየቀ፣ ፍቱኝ አላለ። ስም ብቻ። "ኤማ" አሉት። ከ28 ዓመት በኋላ ኤማ ማደሪያ ስትከራይ እሱ በበሩ ገባ፣ ስሟን ሰማ። ፊቱን አይታችሁታል?

ክፍል 2 ላይ ደግሞ ሬጂና ጥርጣሬ ገብቷት ትጠይቀዋለች። ይሄን ልጅ ያመጣህልኝ አንተ ነህ፣ ከየት ነው ያመጣኸው? ሰውዬው መልስ አልሰጣትም። ልሂድበት አላት፣ መጨረሻ ላይ "እባክሽ" ብሎ። እርግማኑን ሲሰጣት የተስማሙት ነበር፤ "እባክሽ" ካላት ያለውን ታደርጋለች። ከተማውን የምታንቀጠቅጥ ሴትዮ መንገድ ለቀቀችለት። ስለዚህ ውሉን አልረሳም። እሱም እንደሷ ሁሉን ያስታውሳል ማለት ነው። ይቺን ቦታ ሦስት ጊዜ መልሰን አየናት።

እና በዓለም ላይ ካለ ሕፃን ሁሉ መርጦ የኤማን ልጅ ለሬጂና ያመጣው ምን ፈልጎ ነው? የሄንሪ አባትስ ማነው? ኤማ ለልጁ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነበር፣ ሞተ ያለችው ውሸት ነው።

ትልቋ እህቴ ያ በሞተር የመጣው ኦገስት ነው ትላለች። ፈጢራ አስይዛለች። ትንሿ "ተራ ሰው ነው፣ አታካብዱ" ትላለች። ከክፍል 15 በላይ ያያችሁ አፋችሁን ያዙ፣ በእናታችሁ።

ታይዋን_ተራ — እሁድ፣ ማታ 3፡52

ሰባቱንም ሲዝን ሁለት ሁለት ጊዜ ጨርሻለሁ። ግማሹ ሰፈር በፍላሽ የጫነው ከኔ ሱቅ ነው። አልናገርም አቦ። ግን እያነበብኩ እየሳቅኩ ነው።

የከዚራ_ጥላ — እሁድ፣ ማታ 3፡53

ሳቅ። በልብህ ግን።

ሹሩባ_ድሬ — እሁድ፣ ማታ 4፡05

እኔ አባት ምናምን አያስጨንቀኝም። ስኖው ዋይትና ልዑሉ ይገናኛሉ ወይ ነው ጭንቀቴ። ሰውዬው ከሰመመኑ ነቅቶ ሌላ ሚስት አለችህ ተባለ። ወይ ትቷት አይመጣ፣ ወይ ትቷት አይሄድ። ወንድ በተረትም ያው ነው።

ለማንኛውም ተዋናዮቹ በእውነተኛው ዓለም በፈረንጅ 2014 ተጋብተዋል። ጂኒፈር ጉድዊንና ጆሽ ዳላስ። ልጆችም አላቸው።

የከዚራ_ጥላ — እሁድ፣ ማታ 4፡06

ይሄ ስፖይለር ነው አይደለም?

ሹሩባ_ድሬ — እሁድ፣ ማታ 4፡06

የሰው ሠርግ ስፖይለር አይባልም እህቴ።

ባቡር_ሰፈር — እሁድ፣ ማታ 4፡20

ልጆች፣ እኔ ይሄን ነገር ያየሁት ከሴት ልጄ ጋር ነው፣ ያኔ ትምህርት ቤት እያለች። አንድ ነገር ልበል። የነሱ 8፡15 በኛ 2፡15 ነው። ጠዋት ከሆነ ሰው ሻይ ጠጥቶ ወደ ሥራ የሚበተንበት ሰዓት።

ያ የቆመ ሰዓት ልቤን የነካው በኛው ከተማ ምክንያት ነው። ድሬን የቆረቆራት በፈረንጅ 1902 የደረሰው ባቡር ነው። አባቴ ለገሃሬ ሠርቷል። የድሮው ባቡር ሲዳከም የሰፈሩ ሰው ጠዋት ጠዋት ለባብሶ ይወጣና ጣቢያው በር ላይ ይቆማል። የሚሄድበት የለም፤ ግን ይወጣል። አዲሱ ባቡር ሲመጣ ጣቢያው ከከተማ ውጪ ሆነ። ሰዓቱ የቆመበትን ከተማ ሳይ እነዛ ሽማግሌዎች ናቸው የታዩኝ። ሸሚዛቸው የተተኮሰ፣ ፉጨት የሚጠብቁ።

ደግሞ ሜይን ሜይን ስትሉ፣ መንገዱና ሱቆቹ የተቀረጹት ካናዳ ነው፤ ቫንኩቨር አጠገብ ስቲቭስተን የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር። ልጄ ናት የነገረችኝ።

ሻይ_በሄል — እሁድ፣ ማታ 4፡31

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። እኔ ደግሞ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ሰባት ቤት እየቆጠርኩ ነው።

ሄንሪ የኤማ ልጅ። ኤማ የስኖው ዋይት ልጅ። ስለዚህ ክፍል ውስጥ የምታስተምረው መምህርት አያቱ ናት። ሬጂና የስኖው ዋይት የእንጀራ እናት ናት። ስለዚህ ሬጂና ለሄንሪ ያሳደገችው እናቱ፣ በዛ ላይ የእንጀራ ቅድመ አያቱ ናት። ኤማ ደግሞ ከገዛ እናቷ ጋር እንደ ጓደኛ አንድ ቤት እየኖረች ነው፤ እኩያ ናቸው። የዚህ ቤተሰብ ሠርግ ላይ ማን ከማን አጠገብ ይቀመጣል? ሚዜው ራሱ ግራ ይገባዋል።

ሹሩባ_ድሬ — እሁድ፣ ማታ 4፡33

ወረቀቱን ፎቶ አንሺና ለጥፊልን 😂

ጀጎል_ልጅ — እሁድ፣ ማታ 4፡47

ከርዕስ ልወጣ ነው፣ ይቅርታ። ግን ክፍል 15ን ማንም ሳያነሳው ሊያልፍ ነው።

ሩቢ! ቀይ ካባዋ። ሁላችንም የምናውቀው ተረት ተኩላው አያቷን ይበላል፣ ከዛ ልጅቷን ይበላል። እዚህ ተኩላዋ ራሷ ልጅቷ ሆና ቁጭ አለች። ተኩላው ፍቅረኛዬ ነው ብላ ጠርጥራ፣ ሰው እንዳይጎዳ ብላ በእጇ አሠረችው። ሌሊት የታሠረውን ልጅ ራሷ በላችው። ወላሂ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እኔ ተኩላ አላውቅም፤ የማውቀው ጅብ ነው። እኛ ጋ ማታ ከበሩ ውጪ ሰውዬው የሥጋ ቅርጫቱን ይዞ ይቀመጣል። ጅቦቹን በየስማቸው ይጠራል። ሥጋውን አጭር እንጨት ላይ ያደርግና እንጨቱን በጥርሱ ይይዛል። ጅቡ አፍንጫው ድረስ መጥቶ ይወስዳል። ቱሪስቱ ይጮኻል፣ ጅቡ ዞር ብሎም አያየውም። የጀጎል ግንብ ስር ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ አለ፤ የድሮ ሰዎች አስበው የተዉት። አያቴ ወራባ (ጅብ) ጂን ይበላል ትላለች። ሌሊት በጎዳናው ሲያልፍ ድምፁን ከሰማች "እሰይ" ትላለች። በአሹራ ደግሞ ገንፎ በቅቤ ተሠርቶ ይቀርብለታል። አበላሉን አይተው ሽማግሌዎቹ ስለ መጪው ዓመት ይናገራሉ።

ከሐረር ወጣ ስትሉ ጅቡ ሌላ ይሆናል። ቡዳ ሌሊት ጅብ ይሆናል ይባላል። ቡዳ የሚባለው ማነው? ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ። ማረሻውንና ምጣዱን ከሱ ይገዛሉ፣ ልጃቸውን ግን አይድሩለትም። ስንት ሰው በዚህ ወሬ ብቻውን ኖሮ ሞቷል።

ሩቢ ላይ ያንገበገበኝ አያቷ ናት። አያቷ ታውቅ ነበር! ካባውን ያለበሰቻት እንዳትለወጥ ብላ ነው። "ካባሽን አታውልቂ" ብቻ አለቻት እንጂ ለምን እንደሆነ አልነገረቻትም። ብትነግራት ልጁ አይሞትም ነበር። እዚህ ድራማ ውስጥ አውቆ ዝም ያለ ዘመድ ከክፉ ጠንቋይ የበለጠ ሰው ያስፈጃል። ጎልድንም በዚህ ዓይን እዩት እስቲ።

የከዚራ_ጥላ — እሁድ፣ ማታ 4፡50

ይሄን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ምስሩን አስቀምጣ "የሐረር ልጅ ሁሌም ነገር ያውቃል" አለች። እናቴ ሐረር ነው የተወለደችው፣ አትታለሉ።

ሻይ_በሄል — እሁድ፣ ማታ 5፡04

ጀጎል፣ "ዘመድ" ስትል ነው የበራልኝ። ቆዩ፣ ቀስ ብዬ ልናገር።

መጀመሪያ ስለ ስም። አያቴ የክርስትና ስሜን ለማንም እንዳትነግሪ ትለኝ ነበር። መተት የሚሠራብሽ በስምሽ ነው ትላለች። ኮከብ ቆጣሪ ጋ የሄደ ሰውም መጀመሪያ የሚጠየቀው ስሙንና የእናቱን ስም ነው። ስለዚህ ያ ሰውዬ የኤማን ስም ሲጠይቅ እኛ ቤት ሁላችንም "አይ! እንዳትነግሩት!" ብለን ጮኸናል። ክፍል 12 ላይ ደግሞ ተራው ደረሰው። ሬጂና ያቺን ጠርዟ የተሸረፈ ስኒ ይዛ እስር ቤት ድረስ መጣችና እውነተኛ ስምህን ንገረኝ አለችው። ለአንዲት የተሸረፈች ስኒ ብሎ ስሙን ሰጣት። የሚወዳት የቤል ስኒ ስለሆነች ነው። ያን ያህል ዕቃ የሞላበት ሱቅ እያለው።

ስለዚህ ሰውዬው የሚወደው ነገር ሲያዝበት የማያደርገው የለም። ክፍል 8ን አስታውሱ። ጎልድ በተረቱ አገር ራምፕልስቲልትስኪን (ስሙን ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ) ነው፤ ፈሪ የሚባል ድሃ ነበር። ያን የጨለማ ኃይል የወሰደው ልጁን ለጦርነት እንዳይወስዱበት ብሎ ነው። ክፍል 12 ላይ ለቤል ስለ ልጁ ምን አላት? አጣሁት። ሞተ አላለም። አጣሁት።

የጠፋ ልጅ ይፈለጋል። ልጁ የጠፋው ወደዚህ፣ አስማት ወደሌለበት ዓለም ቢሆንስ? እርግማኑን ለሬጂና አዘጋጅቶ የሰጣት እሷን ወዶ ነው? አገር በሙሉ አስነቅሎ ወደዚህ የመጣው ልጁን ሊፈልግ ቢሆንስ?

ኤማ እዚህ ያለ ወላጅ አደገች። የሱ ልጅም እዚህ ያለ ወላጅ ቢያድግ? ሁለት ወላጅ የሌላቸው ልጆች መንገድ ላይ ቢገናኙ?

የሄንሪ አባት ማን እንደሆነ እኔ አልጽፈውም። እናንተ ጨርሱት።

የከዚራ_ጥላ — እሁድ፣ ማታ 5፡06

ኧረ በማርያም!!! ጎልድ የሄንሪ አያት???

ሹሩባ_ድሬ — እሁድ፣ ማታ 5፡09

አይሆንም። ልጁ የጠፋው ከእርግማኑ ስንት ዘመን በፊት ነው፤ አሁን የጎልድ እኩያ ሽማግሌ አይሆንም ነበር? ኤማ ደግሞ 28 ነች። አይገጥምም።

ሻይ_በሄል — እሁድ፣ ማታ 5፡10

አያትና የልጅ ልጅ አንድ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ ብትባይ የማትገረሚበት ድራማ ውስጥ ዕድሜ ነው የቆጠርሽብኝ?

ጀጎል_ልጅ — እሁድ፣ ማታ 5፡12

ታይዋን፣ የት ሄድክ? ስትስቅ አልነበር?

ታይዋን_ተራ — እሁድ፣ ማታ 5፡19

ሱቅ ሰው አለ።

ጀጎል_ልጅ — እሁድ፣ ማታ 5፡19

በዚህ ሰዓት?

ታይዋን_ተራ — እሁድ፣ ማታ 5፡24

እኔ ምንም አላልኩም።

የከዚራ_ጥላ — እሁድ፣ ማታ 5፡25

ወይኔ! ነገርከን እኮ! ዝም ብለህ ነገርከን! እህቴ በርጩማውን ገለበጠችው፣ ላፕቶፑን ነው በአየር ላይ የያዝኩት!

ሹሩባ_ድሬ — እሁድ፣ ማታ 5፡26

መሳቅህን ብትቀጥል ምን ነበረበት? አቦ!

አወያይ — ሰኞ፣ ጠዋት 2፡30

አንብቤዋለሁ። ዝም በማለት ስፖይል ማድረግን ደንባችን አላሰበውም። ቢሆንም ታይዋን፣ ለ3 ቀን ከመጻፍ ታግደሃል። ለጥንቃቄ ነው።

ገንደቆሬ_01 — ሰኞ፣ ከሰዓት 9፡15

ሁላችሁም ጎልድ ላይ ተረባረባችሁ፣ ሬጂናን ማንም አልፈረደላትም። ክፉ ናት፣ እሺ። ሸሪፉን ግራሃምን ልቡን በእጇ ጨፍልቃ ስትገድለው አይቻለሁ፤ ከዛ በኋላ ሁለት ቀን ድራማውን ትቼው ነበር። ግን ልጁን አትወደውም የሚለውን አልቀበልም። ስሙን በማን አወጣችው? በአባቷ። እርግማኑ የምትወጂውን አምጪ ሲላት የሠዋችው አባቷን ነው፤ ስሙ ሄንሪ ነበር። በገዛ እጇ የገደለችውን ሰው ስም በየቀኑ ለምሳ ስትጠራው ትውላለች። ይሄን የሚያደርግ ሰው ልቡ ደንጊያ ነው ወይስ የተቃጠለ ነው?

ጉዲፈቻ ደግሞ ቃሉም ባህሉም የኛ የኦሮሞዎች ነው። በጉዲፈቻ የመጣ ልጅ ልጅ ነው፣ ይወርሳል። "የወለድኩት እኔ ነኝና ስጪኝ" ብሎ ከ10 ዓመት በኋላ ደጅ መቆም ነውር ነው። ኤማን እወዳታለሁ፤ ግን መጀመሪያ ሽማግሌ መላክ ነበረባት።

ሹሩባ_ድሬ — ሰኞ፣ ከሰዓት 9፡40

ልጁን እብድ ነህ ብላ ሐኪም ጋ የምትመላልሰውስ? እሱ እውነቱን እንደሚናገር እያወቀች! ልጅን እውነት ሲናገር ታመሃል ማለት ከመምታት ይብሳል።

ገንደቆሬ_01 — ሰኞ፣ ከሰዓት 9፡44

ይቺን ወሰድሽብኝ። መልስ የለኝም።

ባቡር_ሰፈር — ሰኞ፣ ማታ 1፡10

ከክፍል 15 ሳልወጣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ክፍል 7 ላይ ንግሥቲቱ ለአዳኙ ስኖው ዋይትን ለምን እንደምትጠላት ስትነግረው፣ ምስጢር ነግሬያት አልጠበቀችልኝም ትላለች። ምስጢሩ ምን ይመስላችኋል? ስኖው ዋይት ያኔ ስንት ዓመቷ ሊሆን ይችላል? ጥያቄ ነው፣ ሌላ አላልኩም። እኔን አወያዩ እንዳያግደኝ።

የከዚራ_ጥላ — ሰኞ፣ ማታ 1፡32

ጋሼ፣ ትንሿ እህቴ "ፍቅረኛ ነበራት፣ ስኖው ዋይት አጋለጠቻት" ትላለች። እናቴ ደግሞ "ልጅ ከሆነች ምን ታውቃለች፣ ያስወጣት ትልቅ ሰው ነው" አለች። ከዛ እንደገና "እኔ እንኳን አላየሁትም" አለች።

የከዚራ_ጥላ — ቅዳሜ፣ ማታ 4፡15

ተመለስኩ። ክፍል 22 ደርሰናል። ያላያችሁ ከዚህ በታች አታንብቡ።

ጋሼ ባቡር ሰፈር፣ እናቴን አስለቀሱልኝ። ክፍል 18! ፈረስ ጠባቂው ዳንኤል። ስኖው ዋይት ገና ልጅ ናት፣ እናት የሌላት ልጅ። የሬጂና እናት ኮራ በጣፋጭ አነጋገር አባብላ ምስጢሩን አወጣቻት፣ ከዛ ሬጂና ፊት ቆማ የዳንኤልን ልብ አወጣች። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች "ቂሙን በእናቷ መያዝ ሲገባት በሕፃን ያዘችው" አለች። ምስሩን ረስታዋለች። ዛሬ ሽሮ ነው የበላነው።

ኦገስት ከእንጨት የተሠራው ፒኖኪዮ ሆኖ ተገኘ። ትልቋ እህቴ ፈጢራውን ከፍላለች፣ ከነማሩ።

መጨረሻው ላይ ኤማ ሄንሪን ግንባሩን ሳመችው፣ ከተማው በሙሉ ማን እንደነበረ አስታወሰ። ሹሩባ፣ ስኖው ዋይትና ልዑሉ መንገድ መሀል ተገናኙ! ሠፈሩ እስኪሰማ ነው ያጨበጨብነው። ከዛ ጎልድ ቤልን ይዞ ጫካ ገባ፣ ጉድጓዱ ውስጥ የሆነ ነገር ጣለ። ሐምራዊ ጭስ ወጣ። አስማት ሊያመጣ ነው። እናቴ ተነስታ ቆማ "ይሄ ሰውዬ ልጁን ሊፈልግ ነው!" አለች።

መብራት ጠፋ። መብራቱስ ይሁን፣ የላፕቶፑ ባትሪ 4 ፐርሰንት ነበር። ሄደ። ጨለማ ውስጥ አራት ሴቶች ባዶ በርጩማ ላይ አፍጥጠን ቀረን።

ታይዋን፣ ዕገዳህ አልቋል አይደል? ሲዝን 2ን ነገ በጠዋት ጫንልን። ቤተ ክርስቲያን ደርሰን ስንመለስ እንወስደዋለን። እሁድ እንደማትከፍት አውቃለሁ።

እባክህ።

ታይዋን_ተራ — ቅዳሜ፣ ማታ 4፡21

"እባክህ" ካልሽ ምን ምርጫ አለኝ። ፍላሹ 32 ጊጋ ይሁን። 2፡15 ላይ እከፍታለሁ።